የአያ ጅቦ ዝቃጭና የደቂቃኑ ደቦ

አንድ ጊዜ፣ ባሕሩ አሸዋውን እየላሰ በሚውልበት በአንድ ሞቃት ዳርቻ፣ ማንም ሳይጠራው አያ ጅቦ ከደጋ ወርዶ ሰፈረ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይኼኛው ግን ቁርበት አልበቃው ብሎ ዳርቻውን በሙሉ ጠየቀ። ጠየቀ እንኳ አይባልም፤ ወሰደ። ከዚያ ትልቅ የብረት ጎላ ተከለና ከመሬት ሆድ በሚያወጣው ጥቁር ዘይት እያነደደ የአገሩን አጥንትና ሞራ ሁሉ ይቀቅል ጀመር። ቅባቱን ይልሳል፣ መቅኔውን ይመጥጣል። የተረፈውን ዝቃጭ፣ ያን እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር፣ በረጅም ቧንቧ ወደ ባሕሩ ጠርዝ ይለቀዋል።

«ባሕር ሰፊ ነው» ይላል ሆዱን እያሻሸ። ሆዳም የሌላውን ቤት ሁልጊዜ ሰፊ አድርጎ ነው የሚያየው።

በዚያ ዳርቻ እንቁላሏን የምትጥል አንዲት የባሕር ኤሊ ነበረች። እንስሳቱ ዕድሜዋንና ዝምታዋን አክብረው እማማ ኤሊ ይሏታል። የባሕር ኤሊ የምትወልደው እሷ ራሷ በተፈለፈለችበት አሸዋ ላይ ነው፤ ሌላው ዳርቻ የቱንም ያህል ቢያምር አይሆናትም። እናቷም አያቷም እንቁላላቸውን የቀበሩት እዚያው ነው።

ያን ዓመትም እንደ ልማዷ ጉድጓዷን ቆፍራ፣ እንቁላሎቿን ቀብራ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ሆና ልጆቿ ብቅ እስኪሉ ጠበቀች። ቀኑ ደረሰ፤ ማንም ብቅ አላለም። ቀኑ አለፈ። በመጨረሻ ወጥታ አሸዋውን ብትገልጠው፣ ዝቃጩ ሰርጎ እንቁላሎቹን ሁሉ አጥቁሯቸዋል። አንዱን ሰበረችው። ውስጡ ያለው ልጅ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ ታፍኖ ሞቷል።

እማማ ኤሊ በዕድሜዋ ተቆጥታ አታውቅም ይባል ነበር። ያን ቀን ግን ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ነደደ። ከጠዋት ጀምራ ሆዷን በአሸዋው ላይ እየጎተተች ዳገቱን ወጣች፤ አያ ጅቦ በር ላይ የደረሰችው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው።

«አያ ጅቦ! ና ውጣ! ልጆቼን ገደልክብኝ!»

አያ ጅቦ አጥንቱን በአፉ እንደያዘ ብቅ አለ። «ልጆች? የምን ልጆች? እኔ አልበላሁም። ብበላማ አስታውሰው ነበር።»

«አልበላሃቸውም፤ አፈንካቸው! ይኼ የምትደፋው ጥቁር መዓት አሸዋው ውስጥ ገብቶ ጨረሳቸው!»

አያ ጅቦ ግራ ተጋብቶ ወደ ኋላው ዞረ። ነገር ሲከብደው የሚዞረው ወደ አማካሪው ወደ እመት ቀበሮ ነው። እመት ቀበሮም ጅራቷን እያስተካከለች ወጣች።

«እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት» አለች ድምፅዋን አለስልሳ። «ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው። ነገር ግን አሸዋ ጠቆረ ማለት ከእኛ ነው ማለት ነው እንዴ? ዘንድሮ ፀሐዩ ጠንክሮ ነበር። እንቁላል ደግሞ መቼም በባሕርይው ይበላሻል። ስለዚህ ነገሩ ይጣራ ነው የምንለው።»

«ይጣራ? እግሬ ላይ የተጣበቀውን አሽትቺው!»

እመት ቀበሮ አፍንጫዋን ዞር አደረገች። «ማሽተት የባለሙያ ሥራ ነው፣ እማማ።»

እንዲህ ነው እነሱ! ገድለው ያጽናናሉ፤ አጽናንተው ይጣራ ይላሉ።

እማማ ኤሊ ፊቷን አዙራ ቁልቁል መውረድ ስትጀምር፣ በሩ ላይ አጥንት ተጭና የቆመችው እንኮዬ አህያ ከኋላዋ ተከተለቻት። እንኮዬ አህያ ለአያ ጅቦ አጥንት ታመላልሳለች፤ እስከ ዛሬ ያልበላትም ጀርባዋን ስለሚፈልገው ብቻ ነው። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው አያቷ ናት፤ የልጅ ልጅየዋም ይህን አልረሳችም።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት?» አለች አህያዪቱ ከቤቱ ሲርቁ። «ምሳ ሰዓት ላይ የምቆምባት ቦታ አለች። እዚያ ቆሜ ዝንብ ሲያስቸግረኝ አሸዋውን በኮቴዬ እረግጠዋለሁ፣ እገለብጠዋለሁ። ከይቅርታ ጋር፣ ፋንድያዬንም እዚያው ነው የምጥለው። ይዩት እስቲ፣ አሸዋው ከሌላው ነጣ ብሏል። ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም።»

እውነትም ነጣ ብሏል። ዙሪያው ሁሉ ጥቁር ሆኖ፣ የአንዲት አህያ መቆሚያ የምታህል ቦታ ብቻ የድሮ መልኳን ልትይዝ ምንም አልቀራትም። እማማ ኤሊ አንገቷን ዘርግታ አገጯን አሸዋው ላይ ስታሳርፍ፣ ከሥሯ ድምፅ ሰማች።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ልጄ! ደፈጠጥሽን እኮ!»

እማማ ኤሊ ደነገጠች። ልጄ ብሎ የጠራት ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! «ማናችሁ እናንተ?»

«ደቂቃን ነን። በዓይንሽ አታይንም። ዓሣም ኤሊም ሳይፈጠር እኛ ነበርን።» ብዙ ሺህ ሆነው በአንድ ጉሮሮ ነው የሚናገሩት። የዛሬ ሰው ባክቴሪያ የሚላቸው እነዚህን ነው። «የአያ ጅቦን ዝቃጭ እንበላለን። ዘይቱንም ቅባቱንም እየቆራረስን እንጨርሰዋለን፤ በመጨረሻ ትንፋሽና ውሃ ሆኖ ይቀራል።»

ይህን ስትሰማ እማማ ኤሊ ደስ ከማለት ይልቅ ባሰባት። «ታዲያ ልጆቼ ሲሞቱ የት ነበራችሁ? ያን ሁሉ ለምን አልበላችሁትም?»

«ታፍነን ነበር» አሉ ደቂቃኑ። «እኛም እንደ ልጆችሽ አየር እንፈልጋለን። ይህቺ አህያ አሸዋውን ስትገለብጥልን ተነፈስን። ዝቃጭ ብቻውን ደግሞ ወጥ እንደሌለው እንጀራ ነው፤ ፋንድያዋ ባይኖር ጉልበት ባላገኘን። ዳርቻው ሁሉ እንዲህ ይደረግልን፣ እንበላዋለን። ከሁሉ በፊት ግን ቧንቧው ይዘጋ! የቀረበልንን ሳንጨርስ ሌላ የሚደፋብን ከሆነ አንችልም።»

«ይኼማ ደቦ ነው» አለች እንኮዬ አህያ።

«አዎ፣ ደቦ ነው። ደቦ ወጥቶ ደግሞ ባለ ጉዳዩ ቁጭ ብሎ አያይም። የደፋው ራሱ ይምጣ።»

ነገሩ ወደ አያ አንበሶ ችሎት ደረሰ። አያ አንበሶ በግራር ጥላ ሥር ተንጋሎ ያንቀላፋል፤ አያ ጅቦ በየሳምንቱ የሚልክለት መቅኔ አወፍሮታል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አለች እንኮዬ አህያ ለራሷ። ዳኛው ማን እንደሚቀልበው ታውቃለች፤ መቅኔውን የምታደርሰው እሷ ናትና።

ሆኖም ያን ቀን ዳርቻው ሁሉ ነቅሎ ወጥቶ ነበር። ዓሣ ያጡ ወፎች መጡ፤ እግራቸው የተጣበቀ ሸርጣኖች መጡ፤ ከርከሮዎች ከነልጆቻቸው መጡ። እማማ ኤሊ ከጉባኤው ፊት ወጥታ የደቂቃኑን ነገር አስረዳች። «ጃንሆይ፣ ይበላሉ! በዓይኔ አይቻለሁ። ቧንቧው ከተዘጋና አሸዋው ከተገለበጠላቸው ይበላሉ!» አያ አንበሶ የተሰበሰበውን ዓይን ብዛት አየና መቅኔውን ለጊዜው ረሳ።

«ጅቦ፣ ቧንቧህን ዝጋ» አለ። «በደቦውም ውጣ። ለዚህም ዋስ ጥራ።»

«እመት ቀበሮን ጠርቻለሁ!» አለ አያ ጅቦ።

«ዋስ ነኝ፣ ጃንሆይ» አለች እመት ቀበሮ።

ጉባኤውም አጨበጨበ። እናንተዬ! ጅብ ቀበሮን ዋስ ሲጠራ የሚያጨበጭብ ጉባኤ ምን ይባላል? እኔ ስም አላወጣለትም፤ እያንዳንዱ የራሱን አገር ጉባኤ አይቶ ያውጣለት። እማማ ኤሊም እንደ ሌሎቹ ደስ ብሏት ወረደች። ቧንቧው ይዘጋ አለች እንጂ እሳቱ ይጥፋ አላለችም። ጎላው እየተንተከተከ ዝቃጩ ከእንግዲህ የት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ አንድም ፍጡር አልነበረም።

ደቦው ተጀመረ። ከርከሮዎች በአፍንጫቸው አሸዋውን ገለበጡ፤ ሸርጣኖች ለአየር መግቢያ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረጉት፤ እንኮዬ አህያ ዘመዶቿን ሁሉ ጠርታ፣ ምን እንዳበረከቱ መናገር አያስፈልግም፣ በገፍ አበረከቱ። አያ ጅቦ በመጀመሪያው ቀን «ወገቤን» ብሎ ቀረ፤ በሁለተኛው «ለቅሶ አለብኝ» አለ፤ ከዚያ በኋላ ምክንያትም መላክ ተወ። ደቂቃኑ ግን ሌት ተቀን አላረፉም። ሥራቸው አይታይም፣ ድምፅ የለውም፣ ችኮላም አያውቅም። ጥቁሩ አሸዋ ውሎ አድሮ ቡናማ ሆነ፤ ክረምት ከበጋ ሲፈራረቅ ግራጫ ሆነ፤ ዓመቱ ሲዞር አሸዋው አሸዋ ሆነ። ሽታው ሄደ። ትንንሽ ዓሦች ወደ ጠርዙ ተመለሱ።

እማማ ኤሊ ሆዷ ሞልቶ ስትመለስ አሸዋውን አሸተተችና አለቀሰች። ጉድጓዷን ቆፈረች፤ እንቁላሎቿን አንድ በአንድ አስቀመጠች፤ አፈሩን መልሳ «ልጆቼን አደራ» አለች። ደቂቃኑም ከሥር «አደራሽን ተቀብለናል» አሏት። ያን ሰሞን ባሕሩ ጠርዝ ላይ ሆና እንደ ወጣት ትዋኝ ነበር፤ ልጆቿ ለመውጣት የቀራቸው ጥቂት ቀን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንኮዬ አህያ ጭነቷን እንኳ ሳትጥል፣ አጥንት እያንጠባጠበች ዳገቱን ወርዳ መጣች።

«እማማ! ጉድ ፈላ! ከኮረብታው ጀርባ ትልቅ ጉድጓድ አለ። አያ ጅቦ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅም ነው የከረመው፤ ዝቃጩ እስከ አፉ ሞልቷል! ጉድጓዱንም ከቧንቧው ጋር አገናኝተውታል!»

«ቧንቧው ተዘግቷል እኮ፤ ዋስ ተጠርቶበታል!»

«ዋሷ ናት እንዲከፍተው የምትመክረው! በሩ ላይ ቆሜ በጆሮዬ ሰማኋት። ‹አያ ጅቦ፣ ደቂቃኑ እንዴት ጠርገው እንደበሉልህ አየህ? ነፃ አሽከር አግኝተህ በአንድ ጎላ ትቀራለህ? ሌላም ትከል! በሩ ላይ ደግሞ ንጹሕ ዳርቻ ብለን ሰሌዳ እንሰቅላለን› አለችው። እሱም ሳቀና የቧንቧውን ውታፍ ሊነቅል ተነሣ!»

እማማ ኤሊ እንዴት እንደወጣችው አይታወቅም፣ በዚያ በድኩም ጉልበቷ ዳገቱን ወጣች። አያ ጅቦ የቧንቧውን ውታፍ በሁለት እጁ እንደያዘ ደረሰችበት።

«እንዳትነቅለው! እንቁላሎቼ ታች ናቸው! ጥቂት ቀን ታገሠኝ፣ ጥቂት ቀን ብቻ!»

«ደቂቃኑ ይበሉታላ!» አለ አያ ጅቦ፤ ከልቡ ነው የገረመው።

«ይህን ሁሉ አይችሉትም! ይታፈናሉ!»

እመት ቀበሮ በመሃል ገባች። «እማማ፣ ይበላሉ ብለው በችሎት ፊት የመሰከሩት እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ? ጉባኤው ሁሉ ሰምቷል። እኛ እርስዎን አምነን ነው። ዛሬ ቃልዎን ያጥፋሉ?»

«ቧንቧው ከተዘጋ ነው ያልኩት!»

«ያን እኔ አልሰማሁም» አለ አያ ጅቦ።

«ዋሱ የት አለ? ዋስ ጠርተህ አልነበር?»

«ይኸው ቆሜያለሁ» አለች እመት ቀበሮ።

አያ ጅቦም ውታፉን ነቀለው።

የዓመት ዝቃጭ በአንድ ጊዜ ወረደ። እንኮዬ አህያ ጭነቷን ጥላ ቁልቁል ጋለበች፤ እንቁላሎቹ የተቀበሩበት ጋ ደርሳ በኮቴዋ መቆፈር ጀመረች። ጥቁሩ ነገር ግን ከእሷ ቀደመ። እግሮቿን ያዛት፣ ጉልበቷ ደረሰ፣ አልፏትም ሄደ፤ ራሷን ያወጣችው በስንት መከራ ነው። እማማ ኤሊ እየተንከባለለች ስትደርስ ጉድጓዷ የቱ ጋ እንደነበረ እንኳ አይለይም። አገጯን ዝቃጩ ላይ አሳርፋ አዳመጠች። ከጥልቅ «በዛብን… አየር…» የሚል ድምፅ ሰማች። ደጋግማ ጠራቻቸው። ከዚያ ዝም አሉ።

ይህን የምተርክላችሁ ልቤ እየነደደ ነው። አለማወቅ ቢሆን ይቅር ይባላል። የመጀመሪያው ዓመት አለማወቅ ነበር እንበል፤ ይኼኛው ግን ተነግሯቸው፣ ተለምነው፣ ዓይን ለዓይን ተያይተው የተደረገ ነው። የጠረገላቸውን አፈኑት፤ በጠረገላቸውም አመካኙ።

ዝቃጩ እየተኛ ሲሄድ ላዩ በፀሐይ ደርቆ መሬት መሰለ። ከሥሩ ግን አየር የሚጠሉ ሌሎች ደቂቃን ነቁ፤ እነሱ ሥራ የሚጀምሩት የቤቱ በር ሲዘጋ ነው። እነሱ ሲነቁ ዳርቻው መሽተት ጀመረ፤ ሽታውም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነበር። እማማ ኤሊ ያ ሽታ ባሕሩ ውስጥ ድረስ እየሸተታት ምግብ አልቀመሰችም። አያ ጅቦ ግን ከአልጋው ዘሎ ተነሣ።

«የሆነ ነገር ሞቷል!» አለ ምራቁን እየዋጠ። «ትልቅ ነገር ነው! ማን ነው ከኔ ደብቆ የቀበረው?»

እመት ቀበሮ ከየት እንደሚሸት ገብቷታል። አልነገረችውም። «አንተ ሂድ፣ እኔ ቤቱን ልጠብቅልህ» አለችው።

አያ ጅቦ አፍንጫውን ተከትሎ ወረደ። የደረቀውን ቅርፊት ረገጠ፤ ቻለው። ሽታው ወደሚበረታበት ወደ መሃል ገባ፤ መቆፈር ጀመረ። በቆፈረ ቁጥር ሽታው ባሰበት፤ ሽታው በባሰ ቁጥር ምራቁ ወረደ። ሥጋ የለም። ይልቅ ቅርፊቱ ተሰነጠቀና ራሱ የደፋው ዝቃጭ ከነሆዱ ዋጠው።

«ኧረ ደቂቃን!» እያለ ጮኸ። «ብሉት! ይኼን ከላዬ ላይ ብሉልኝ!» የመለሰለት የለም። «እመት ቀበሮ! ዋሴ!»

እመት ቀበሮ ከኮረብታው ላይ ሆና አየችው። «ዋስ የሆንኩት ለቧንቧው ነው እንጂ ላንተ አይደለም» አለችና እግሯን አነሣች።

አያ ጅቦ አንገቱ ሲደርስበት ዓይኑ ጠርዙ ላይ ካለችው ኤሊ ጋር ተጋጠመ። «እማማ ኤሊ! አንቺ እኮ ደግ ነሽ! ንገሪያቸው፣ አንቺን ይሰሙሻል!»

«ነግሬህ ነበር» አለች እማማ ኤሊ። «የሚሰሙኝን አንተ አፈንካቸው። ጥግ ጥግ ላይ የተረፉ ካሉ እየበሉ ይመጣሉ። አንተም ጋ ይደርሳሉ፤ ቅባት አይመርጡም።»

አያ ጅቦ ሰጠመ። እማማ ኤሊ እስከ መጨረሻው አየችው። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ አላላትም፤ ልጆቿ እዚያው ከሥሩ ናቸው።

በማግሥቱ እንስሳቱ ወደ ችሎት አልሄዱም። በቀጥታ ወጥተው እሳቱን አጠፉ፤ ጎላውን ገለበጡ፤ ቧንቧውን ሰባበሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው አያ አንበሶ ሁሉ ካለቀ በኋላ መጥቶ አገሣ፤ ቀና ብሎ ያየውም የለም። እመት ቀበሮ በሚቀጥለው ዳርቻ ታየች አሉ፤ ሌላ ጅብ አጠገብ ተቀምጣ፣ ዝቃጭ የሚበሉ ደቂቃን እንዳሉ እያጫወተችው ነው።

እንኮዬ አህያ ፋንድያዋን በዝቃጩ ጠርዝ ላይ እየጣለች፣ በኮቴዋ ጥቂት ጥቂት እየገለበጠች ነበር። ቀና ስትል እማማ ኤሊ ወደ ጥልቁ ልትሄድ ፊቷን አዙራለች።

«እማማ፣ ከርሞ ይመለሳሉ?»

«አሸዋው የነጻ ዕለት እመለሳለሁ።»

«እስከዚያስ? እንቁላሉ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?»

«ሌላ ዳርቻ የለኝም» አለች እማማ ኤሊ። «ባሕሩ ውስጥ እጥለዋለሁ፤ ዓሣ ይበላዋል።»

ከዚህ የምንማረው፣ የሚጠርግ ተገኘ ብሎ መድፋቱን የሚያበዛ ሳያውቅ ከደፋው የከፋ ገዳይ ነውና፣ ጠራጊውን ከማመስገናችን በፊት የደፊውን እጅ መያዝ እንዳለብን ነው።